ያላዩትን መመስከር፦ ስለ ሠራተኛ እውቅና አሰጣጥ

የበጀት ዓመቱ በተዘጋ በሁለተኛው ሳምንት ላይ፣ ቀድሞ እሠራበት በነበረ አንድ መሥሪያ ቤት አዳራሽ የእውቅና መርሐ ግብር ተካሄደ። ስማቸው ከተጠራው አንዷ የመዝገብ ቤት ባልደረባችን ነበሩ። ማህደር ጠፋ በተባለ ቁጥር ሁሉም ሰው የሚሮጠው ወደ እሳቸው ነው፤ በዚያ ክፍል ከ20 ዓመት በላይ ስለቆዩ፣ ፋይሉ የት እንዳለ ኮምፒውተሩ ላይ ከመፈለግ እሳቸውን መጠየቅ ይቀል ነበር። መድረክ ላይ ወጡ፣ ኃላፊውን ጨበጡ፣ ፎቶ ተነሡ፣ በፍሬም የተዘጋጀውን የምስክር ወረቀት ይዘው ወረዱ። ሻይ ሲጠጣ ወረቀቱን አንብበው ከጨረሱ በኋላ፣ የመራጭ ኮሚቴ አባል ወደነበርኩት ወደ እኔ ዞር ብለው “ወንድሜ፣ ለመሆኑ ምን ሠርቼ ነው?” አሉኝ። ወረቀቱ “ላሳዩት ከፍተኛ የሥራ ተነሳሽነትና ላበረከቱት የላቀ አስተዋፅኦ” ይላል። የሌሎቹም ተሸላሚዎች ወረቀት ቃል በቃል ይኸው ነበር። የምሰጣቸው መልስ አጣሁ።

ጥያቄያቸው ከዚያ ወዲህ ከአእምሮዬ አልወጣም። “እውቅና” የምንለው ቃል የተወለደው “ዐወቀ” ከሚለው ግሥ ነው፤ ያላወቁትን ሥራ እውቅና መስጠት በቃሉ ተፈጥሮ የሚቻል አይደለም። “የምስክር ወረቀት”ም እንዲሁ ነው። ምስክር ማለት ያየና የሰማ ሰው ነው፤ ችሎት ፊት ቀርቦ “አላየሁም፣ ግን እመሰክራለሁ” የሚልን ሰው ቃል የሚቀበል ዳኛ የለም። በአገራችን የፉከራ ወግም ቢሆን ጀግናው ውሎውን የሚዘረዝረው አብረውት የዋሉት ባሉበት ነው። በዚህ ጽሑፍ የምከራከረው በዚሁ መንገድ ነው፦ የእውቅና መርሐ ግብር የሚሰምረው ወይም የሚከሽፈው በሽልማቱ ዓይነት ሳይሆን፣ ሸላሚው ሥራውን በማየቱ ወይም ባለማየቱ ነው።

የሠራተኛ ተነሳሽነት ጥናት መሠረት ከሚባሉት ሥራዎች አንዱ ፍሬድሪክ ኸርዝበርግና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1959 ያሳተሙት ነው። በፒትስበርግ አካባቢ የሚሠሩ 200 ያህል መሐንዲሶችንና የሒሳብ ባለሙያዎችን አነጋግረው፣ ሰውን በሥራው የሚያስደስቱት ነገሮች ከሚያስከፉት የተለዩ መሆናቸውን ጻፉ፤ እውቅናም ከአስደሳቾቹ ቀዳሚዎች ተርታ ተመደበ። ይህ ግኝት በየሥልጠናው ይጠቀሳል። ብዙም የማይወሳው ግን የጥያቄው አቀራረብ ነው። ተጠያቂዎቹ “እውቅና ትወዳለህ ወይ?” አልተባሉም፤ በሥራቸው እጅግ የተደሰቱበትን ወይም የተከፉበትን አንድ ጊዜ እንዲተርኩ ነበር የተጠየቁት። ስለዚህ በትረካዎቹ ውስጥ የመጣው እውቅና በአብዛኛው ከአንድ ከተከናወነ ሥራ ጋር የተጣበቀ ነበር። እኛ ግኝቱን ስንወስድ ሥራውን ጥለን ምስጋናውን ብቻ አንጠልጥለን የመጣን ይመስለኛል።

ነገሩን ከሁሉ በላይ አጥርቶ የሚያሳየኝ በዛምቢያ መዲና በሉሳካ የተካሄደው ሙከራ ነው። ናቫ አሽራፍ፣ ኦሪያና ባንዲዬራና ኬልሲ ጃክ ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2014 አሳትመውታል። ፀጉር ሠሪዎች ለኤች አይ ቪ መከላከያ የሚሆን የሴቶች ኮንዶም ለደንበኞቻቸው እንዲሸጡ ተደረገ። አንዱ ቡድን ያለ ምንም ክፍያ በበጎ ፈቃድ ይሸጣል፤ ሁለተኛው ከሽያጩ 10 በመቶ፣ ሦስተኛው 90 በመቶ ያገኛል። ለአራተኛው ቡድን ግን በሳሎኑ ግድግዳ ላይ የሙቀት መለኪያ የመሰለ ትልቅ ሥዕል ተሰቀለለት፤ አንድ ፓኬት በተሸጠ ቁጥር አንድ ኮከብ ይታተምበታል። ከዓመት በኋላ ሲቆጠር ባለኮከቦቹ የሸጡት የሌሎቹን እጥፍ ያህል ሆኖ ተገኘ።

ኮከቡ ራሱ የማኅተም ቀለም ነው፤ ገበያ ቢወጣ ምንም አያወጣም። ነገር ግን እያንዳንዱ ኮከብ የአንድ ሽያጭ ምስክር ነው። ፀጉሯን ልትሠራ የተቀመጠች ደንበኛ ቀና ስትል ታየዋለች፤ ፀጉር ሠሪዋ ለሰፈሯ ጤና ምን ያህል እንደደከመች ታውቃለች፤ ምናልባትም ትጠይቃታለች። “ምን ሠርቼ ነው?” የሚል ጥያቄ በዚያ ሳሎን ውስጥ ሊነሣ አይችልም፤ መልሱ ግድግዳው ላይ አለ።

ተቃራኒው ምሳሌ ከአሜሪካ ነው። አምስት ፋብሪካዎች ያሉት አንድ የልብስ ንጽሕና ድርጅት በአንደኛው ፋብሪካ፣ ወሩን ሙሉ ሳያረፍዱ የሠሩ ሰዎችን ስም በስብሰባ ላይ ማመስገን ጀመረ፤ ከመካከላቸውም በዕጣ ለደረሰው የስጦታ ካርድ ይሰጥ ነበር። ቲሞቲ ገብለር፣ ኢያን ላርኪንና ላማር ፒርስ እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጡት ጥናት እንደተነተኑት ማርፈዱ ቀነሰ፤ ሆኖም ሰዎች መርሐ ግብሩን ማጭበርበሪያ ዘዴ አበጁ፣ ከውድድሩ የወጡትም ወደ ቀድሞ ማርፈዳቸው ተመለሱ። እኔን ይበልጥ የሚከነክነኝ የሌሎቹ ዕጣ ነው። ከመጀመሪያውም ሳይነገራቸው በሰዓቱ ይገቡ የነበሩት ታታሪዎች የሥራ ፍጥነታቸው ወረደ። ለዓመታት ሲያደርጉት ያላያቸው ኃላፊ፣ ዛሬ ለጀማሪው ሲያጨበጭብ ተመለከቱ። ስሜታቸውን ለመረዳት ጥናት አያሻም፤ በየቢሮው አብረናቸው ውለናል።

“እንግዲያው ማንም እንዳይከፋ ሁሉንም እናመስግን” የሚል ይኖራል። ክርስቲያና ብራድለርና ባልደረቦቿ ለሦስት ሰዓት ከተቀጠሩ ከ300 በላይ ሰዎች ጋር ይህንኑ ፈትነውታል። መረጃ ወደ ኮምፒውተር የሚያስገቡት ሠራተኞች ስምንት ስምንት ሆነው ተቧደኑ፤ ከሁለት ሰዓት በኋላ በአንዳንዱ ቡድን ለሁሉም፣ በአንዳንዱ ለሦስቱ ብርቱዎች፣ በአንዳንዱ ለአንዱ ብቻ የምስጋና ካርድ ተሰጠ። ሥራው ይበልጥ የጨመረው ሦስቱ በተመሰገኑበት ቡድን ሲሆን፣ ይበልጥ የበረቱትም ካርድ ያልደረሳቸው ነበሩ። ካርዱ የተሰጠው በትክክል ለብርቱዎቹ በመሆኑ፣ ያልተሰጣቸው ሰዎች ሥራ እንደሚታይ ያወቁ ይመስለኛል።

በእኛ መሥሪያ ቤቶች የተለመደው ሌላ ነው። የሚዛናዊ ውጤት ተኮር የምዘና ሥርዓት ከገባ ወዲህ ምዘናው በነጥብ ይሞላል፤ እኔ በተቀመጥኩባቸው ኮሚቴዎች ግን የሚሰማው ቃል “ባለፈው ዓመት ከፋይናንስ ስለነበር ዘንድሮ ለሰው ሀብት ይድረሰው” የሚል ነበር። እውቅናው እንደ ዕቁብ በተራ ይዞራል። ይህን ስል ኮሚቴውን ለመኮነን አይደለም። የምዘና ውጤት ለደረጃ ዕድገት ውድድር በሚቆጠርበት ቦታ፣ አንዱን መምረጥ የሌላውን እንጀራ መንካት መስሎ ይታያል፤ ቅሬታ ያስነሣል፤ ስለዚህ ተራ ማስያዝ ሰላም ማስፈኛ ይሆናል። የሚከፈለው ዋጋ ግን ወረቀቱ መመስከሩን ማቆሙ ነው።

ደመወዝ ወር በማያደርስበት ዘመን ስለ ወረቀት መነጋገር ቅንጦት ነው የሚለውን ተቃውሞ በሙሉ ልቤ እቀበላለሁ። እውቅናን በደመወዝ ጭማሪ ምትክ ማቅረብ ሠራተኛውን መናቅ ነው። የሉሳካው ሙከራም ይህን አይደግፍም፤ ፀጉር ሠሪዎቹ የሚተዳደሩበት የራሳቸው ሙያ ነበራቸው፣ ሽያጩ ተጨማሪ ሥራ ነው።

ታዲያ ወረቀቱ እንደገና እንዲመሰክር ምን ይደረግ? የሚያይ ዓይን ያለው ከኮሚቴው ዘንድ ሳይሆን ከቅርብ ኃላፊው፣ ከአጠገብ ባልደረባውና ከባለጉዳዩ ዘንድ ነው። የቅርብ ኃላፊ በሳምንት አንድ ጊዜ ማን ምን እንደሠራ ሁለት መስመር በደብተሩ ቢያሰፍር፣ ሰኔ ላይ ኮሚቴው ስም ሳይሆን ድርጊት ይቀርብለታል። በማግሥቱ ዓመት በእኛ ክፍል ይህን ሞከርነው። የመዝገብ ቤት ባልደረባችንን ወረቀትም እንደገና ጻፍነው፦ “በየካቲት ወር የአንድ ጡረተኛ ማህደር በጠፋ ጊዜ፣ ለሦስት ቀን ከመደርደሪያ መደርደሪያ ፈልገው፣ በሌላ ስም ፋይል ውስጥ ገብቶ አግኝተው፣ ባለጉዳዩ አበላቸውን እንዲያገኙ ስላደረጉ።” አንብበው ሲጨርሱ “አዎ፣ እሱን ሠርቻለሁ” አሉ።