ስምን መልአክ ያወጣዋል፤ ጉግል ግን ከየት ያመጣዋል?

እስቲ የዛሬውን ጨዋታ በሦስት ፊደላት ልጀምረው። ኤ፣ ኤም፣ ኤች። በአውሮፕላን ወደ አርባ ምንጭ የሄደ ሰው ሻንጣው ላይ የተለጠፈችውን ወረቀት ልብ ብሎ ካያት ያውቃቸዋል። የአርባ ምንጭ አውሮፕላን ማረፊያ ዓለም አቀፍ መለያ ናቸው። ነገር ግን የዓለም ቋንቋዎች በሦስት በሦስት ፊደል በተመዘገቡበት ሌላ መዝገብ ላይ እነዚሁ ፊደላት የአማርኛ መለያ ናቸው። እኔና እናንተ ሻንጣ ላይ ስናያቸው ከተማ፣ መዝገብ ላይ ስናያቸው ቋንቋ መሆናቸውን ለመለየት አንቸገርም። ኮምፒውተር ግን ይቸገራል። «ይህ ከተማ ነው፣ ያ ቋንቋ ነው» ብሎ የሚነግረው ሰው ይፈልጋል።

ይህን መንገሪያ የሙያው ሰዎች ስትራክቸርድ ዳታ ይሉታል። ነገሩ ከስሙ ይቀላል። የቀበሌ ቅጽ ሞልታችሁ ታውቃላችሁ አይደል? ስም፣ የአባት ስም፣ የትውልድ ቦታ… እንደዚያው ነው። አንድ ድረ ገጽ ለሰው የሚነበብ ጽሑፍ አለው። ከጀርባው ደግሞ ለእነ ጉግል የሚሞላ ቅጽ ሊኖረው ይችላል፦ የነገሩ ዓይነት (ሆቴል? ሐይቅ? ዩኒቨርሲቲ?)፣ ስሙ፣ ሌላ ስሙ፣ ከተማው፣ ክልሉ፣ የሚከፈትበት ሰዓት።

«ታዲያ ይሄ ከታሪክ ጋር ምን አገናኘው?» አትሉኝም? የጋሞ ታሪክ በከፊል ሌላ ሰው የሞላው ቅጽ ታሪክ ስለሆነ ነው የሚያገናኘው።

አክስቴ ከሴቻ ንቅንቅ ሳትል

አክስቴ ሴቻ ውስጥ ትንሽ የእንግዳ ማረፊያ አላት። እኛ ቤት ጋዜጠኝነት የተማረ ሰው ኮምፒውተር የሚችል ሰው ነው። እናላችሁ፣ ለእረፍት ስሄድ ገና ቡናው ሳይፈላ «አንቺ ልጅ፣ ይሄ ኢንተርኔት የሚባለው ነገር እኔን አያውቀኝም እንዴ? እንግዳውን የሚያመጣው ሁሉ ድርሻውን ቆርጦ ነው የሚሰጠኝ» አለችኝ። ከዓመታት በፊት ገንዘብ ከፍላ ያሠራችው ድረ ገጽ አለ። ከፍቼ ከጀርባ ያለውን ቅጽ አየሁት።

ክልል፦ ደቡብ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች። ዞን፦ ጋሞ ጎፋ። ሁለቱም አሁን የሉም። የቁርስ ቤቱ መክፈቻ ሰዓት ደግሞ 1 ሰዓት። አክስቴ ጠዋት 1 ሰዓት ማለቷ ነው። ቅጹ የሚያውቀው የፈረንጅ ሰዓት ብቻ ስለሆነ፣ በማሽኑ ዓይን አክስቴ ሌሊት 7 ሰዓት ላይ ፍርፍር የምታቀርብ ሴት ሆና ኖራለች!

ሳቅን። ከሳቁ በኋላ ግን ዝም ብዬ ቆጠርኩ። አክስቴ የተወለደችው ጋሞ ጎፋ ክፍለ ሀገር ነው። በደርግ ማብቂያ ላይ ሰሜን ኦሞ የሚባል ስም መጣ፣ ኢሕአዴግም ዞን አድርጎ ቀጠለበት። በ1993 ዓ.ም. ሰሜን ኦሞ ሲበተን ጋሞ ጎፋ ዞን ሆነች። በ2011 ዓ.ም. ጋሞና ጎፋ ለየብቻ ዞን ሆኑ። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ደግሞ ደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ተመሠረተ። አክስቴ ከሴቻ ንቅንቅ ሳትል ይህ ሁሉ አድራሻ አለፈባት።

ቅጹን ማን ሞላው?

ነገሩ በአክስቴ አልተጀመረም። ከከተማዋ ቁልቁል የሚታዩትን ሁለቱን ሐይቆች ውሰዱ። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ ጣሊያናዊው አሳሽ ቪቶሪዮ ቦቴጎ አባያን በአገሩ ንግሥት ስም «ማርገሪታ» አለው። ጫሞም በሌላ ጣሊያናዊ ተጓዥ በሩስፖሊ ስም ተጠራ። ዳር ላይ ዓሣ የሚያጠምደው ሰው ይህን አያውቅም። የአውሮፓ ካርታዎች ግን ለብዙ ዘመን በእነዚህ ስሞች ታተሙ። ካርታውን የሠራው ስሙን ሞላው።

የከተማዋም ነገር እንደዚያው ነው። የጋሞ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት መቀመጫ ደጋ ላይ ያለችው ጨንቻ ነበረች። በ1950ዎቹ መቀመጫው ወደ ቆላው፣ ወደ አርባ ምንጭ ወረደ። ላይ ሴቻ፣ ታች ሲቀላ ሆና የተቆረቆረችው ከተማ ስሟን ከግርጌዋ ከሚፈልቁት ምንጮች አገኘች።

ከሁሉም የሚከብደው ግን የ1992ቱ ነው። የወላይታ፣ የጋሞ፣ የጎፋና የዳውሮ የመጀመሪያ ፊደሎች ተገጣጥመው «ወጋጎዳ» የሚባል ቋንቋ ተፈጠረ፣ መማሪያ መጽሐፍም ታተመበት። ቋንቋዎቹ ተቀራራቢ ናቸው፤ ለወረቀት ሥራም አንድ ሳጥን ከአራት ይቀላል። ወላይታ ላይ ግን ሕዝቡ ተነሳ፣ የሰው ሕይወትም ጠፋ። መጻሕፍቱ ቀሩ። በዓመቱ ሰሜን ኦሞም ራሱ ተበተነ።

ይገርማችኋል፣ የዓለም የቋንቋ መዝገብም ተመሳሳይ ስህተት ነበረበት። ጋሞ፣ ጎፋና ዳውሮ በአንድ መለያ ታጭቀው ኖሩ። ያ መለያ በኋላ ተሰርዞ ሦስቱም የየራሳቸውን አገኙ፤ ጋሞኛም ጂ፣ ኤም፣ ቪ ተባለ። ዛሬ አንድ ሰው በጋሞኛ ድረ ገጽ ቢሠራና የቋንቋው ሳጥን ውስጥ እነዚህን ሦስት ፊደላት ቢጽፍ፣ ጋሞኛ በራሱ ስም ይመዘገባል ማለት ነው። ትንሽ ነገር ትመስላለች። የ1992ቱን ለሚያስታውስ ሰው ግን ትንሽ አይደለችም።

ማሽኑ ማንበብ እስኪማር

የፍለጋው ታሪክም የራሱ ጉድ አለው። ድሮ የአማርኛ ድረ ገጾች ፊደላችንን የሚያሳዩት በየራሳቸው ፎንት ነበር። ለዓይን «ሀ» የሚመስለው ለኮምፒውተር የላቲን ምልክት ነው፤ ፎንቱ የሌለው ሰው የሚያየው ዝብርቅርቅ ነው። ፈላጊው ማሽን ከዚያ ውስጥ «አርባ ምንጭ»ን ሊያገኝ አይችልም። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው ዩኒኮድ 3.0 ለግዕዝ ፊደል የራሱን ቦታ ሰጠው። አማርኛ መፈለግ የሚቻል ቋንቋ የሆነው ከዚያ በኋላ ነው።

ያኔ ባለ ድረ ገጾች ከገጹ ጀርባ «ቁልፍ ቃላት» የሚባል ዝርዝር ይደረድሩ ነበር። ሆቴል፣ ርካሽ ሆቴል፣ ምርጥ ሆቴል… ውሸቱ ሲበዛ ማን ያምናል? ጉግል እ.ኤ.አ. በ2009 ይህን ዝርዝር ለደረጃ አሰጣጥ እንደማይጠቀምበት በይፋ ተናገረ። እ.ኤ.አ. በ2011 ጉግል፣ ቢንግና ያሁ ተስማምተው ስኪማ ዶት ኦርግ የተባለውን የጋራ ቅጽ አወጡ፤ የሩሲያው ያንዴክስም ተቀላቀላቸው። በ2012 ጉግል ነገሮችንና ዝምድናቸውን የሚመዘግበውን ኖሌጅ ግራፍ ጀመረ። በዚያው ዓመት ማንም ሰው ገብቶ የሚያርመው ዊኪዳታ ተከፈተ። ከዚያ ወዲህ ማሽኑ ቃል ብቻ ሳይሆን ነገሩን ለማወቅ ይሞክራል። አባያና ማርገሪታ አንድ ሐይቅ መሆናቸውን ግን ሰው ካልነገረው አያውቅም።

እንግዲህ ምን አደረግሁ?

የአክስቴን ቅጽ እንደገና ሞላሁት። ዓይነት፦ የእንግዳ ማረፊያ። ከተማ፦ አርባ ምንጭ። ክልል፦ ደቡብ ኢትዮጵያ። «ሌላ ስም» የሚለው ሳጥን ውስጥ ቤቱን ሰው የሚጽፍበትን ሁሉ፣ ተነጣጥሎም ተያይዞም፣ በግዕዝም በላቲንም አስገባሁ። እኛ «ሐይቅ»ና «ሀይቅ»ን አንድ አድርገን እናነባለን፤ ለማሽን ግን ሁለት የተለያዩ ቃላት ሊሆኑበት ይችላሉ። ሴቻ መሆኗን በካርታ ነጥብ አመለከትኩ። ሰዓቱን ወደ ፈረንጅ ቀየርኩ። ያልተሰጣትን ኮከብና ያልተጻፈላትን ምስጋና ግን አልጨመርኩም። ገጹ ላይ የሌለን ነገር ቅጹ ላይ መሙላት ውሸት ነው፤ ጉግልም ይቀጣበታል።

ተአምር ግን አትጠብቁ። ቅጽ መሙላት ብቻውን ማንንም አንደኛ አያደርግም። ማሽኑ እንዳይሳሳትባችሁ፣ አንዳንዴም ሰዓታችሁንና አድራሻችሁን አጉልቶ እንዲያሳይላችሁ ይረዳል፣ በቃ። ከወራት በኋላ አክስቴ ደወለችልኝ። ያለ ደላላ የመጣ እንግዳ ስልክ ደውሎ የጠየቃት የመጀመሪያ ጥያቄ «ቁርስ 1 ሰዓት ነው አይደል?» የሚል ነበር። ይሄ ለእሷ ትልቅ ነገር ነው።

ለእኔ ግን ሌላ ሐሳብ ትቶብኝ ሄደ። በመስከረም 2011 ዓ.ም. ከቡራዩው ግድያ በኋላ አርባ ምንጭ ላይ ለበቀል የወጡ ወጣቶችን የጋሞ አባቶች እርጥብ ሳር ይዘው፣ ተንበርክከው መለሷቸው። ይህን ለማሽኑ ልመዝግብ ብል መጀመሪያ ቀኑ ያደናቅፈኛል። 2011 ብዬ በራሳችን አቆጣጠር ከሞላሁ ታሪኩ ሰባት ዓመት ወደ ኋላ ይሄዳል። ያንን አስተካክዬ እ.ኤ.አ. 2018 ልበል። ቦታ፦ አርባ ምንጭ። የሆነው ነገር፦ …? የታሪኩ ትልቅነት ሊሆን የነበረው ነገር አለመሆኑ ላይ ነው። ሳይደርስ የቀረ ጥፋት የሚሞላበት ሳጥን ደግሞ የለም።

ስለዚህ ወዳጆቼ፣ መጀመሪያ ለሰው እንጻፍ፤ አባቶቻችን ያዩትን ጠይቀን፣ በአማርኛም በጋሞኛም። ከዚያ ቅጹን ራሳችን እንሙላ። ማርገሪታንም ቢሆን አንሰርዛትም። «የድሮ ስም» ብለን አስቀምጠን ዋናው ሳጥን ላይ አባያ እንላለን። እኛ ባዶ የተውነውን ሳጥን ሌላ ሰው ይሞላዋል፤ ያኔ አክስቴን ሌሊት 7 ሰዓት ቁርስ ሲያስቀርባት ማጉረምረም አይቻልም።

ሰላም ሁኑልኝ!