ቀዩ ነጥብ

በዲላ የቡና ወቅት ሲደርስ የባንክ መስኮት ይጨናነቃል። በአንድ የኅዳር ረፋድ ኔትወርክ ተቋረጠ። ከይርጋጨፌ ማልደው የመጡ አንድ አባት የቁጠባ ደብተራቸውን በሁለት እጃቸው እንደያዙ፣ «ልጄ፣ ገንዘቤ አለ ወይስ የለም?» ሲሉ ጠየቁኝ።

«አለ አባቴ፤ መንገዱ ነው የተዘጋው።»

«መንገዱማ ደህና ነው፤ አሁን መጣሁበት!»

ከሰዓት በኋላ ባለሙያ መጣ። እስክሪብቶ የሚያህል መሣሪያ ከፋይበሩ ጫፍ አገናኝቶ አበራው። ከመደርደሪያው ጀርባ፣ የመስታወቱ ክር ከተሰበረበት ቦታ፣ ቀይ ብርሃን ፈሰሰ። ገንዘባችንን የሚያመላልሰው ብርሃን ለዓይን አይታይም፤ ስብራቱን ለማግኘት የሚታይ ብርሃን መላክ ግድ ነው።

ያ ቀይ ነጥብ የራሱ ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1962 መገባደጃ፣ በእኛ በ1955 ዓ.ም. መባቻ፣ የጄኔራል ኤሌክትሪክ ተመራማሪ የነበረው ሮበርት ሆል ከጋሊየም አርሰናይድ ሌዘር አፈለቀ፤ ብርሃኑ ግን ታሕተ ቀይ ነበርና ዓይን አያየውም። በዚያው ኩባንያ ይሠራ የነበረው የከሰል ማዕድን ቆፋሪ ልጅ፣ ኒክ ሆሎንያክ፣ የሚታየውን ተመኘ።

ምስጢሩ በቁሱ ጠባይ ውስጥ ነው። በእንዲህ ያለ ከፊል አስተላላፊ ውስጥ ኤሌክትሮን ከላይኛው የኃይል እርከን ወደ ታችኛው ሲወርድ ልዩነቱን ብርሃን አድርጎ ይለቃል። ክፍተቱ ጠባብ ሲሆን ታሕተ ቀይ፣ ሲሰፋ ቀይ፣ ይበልጥ ሲሰፋ ሰማያዊ ይወጣል። የኮምፒውተር ሁሉ መሠረት የሆነው ሲሊከን ግን ልዩነቱን በአመዛኙ በሙቀት ያባክነዋል። ሆሎንያክ ከአርሰኒኩ ከፊሉን በፎስፈረስ ተካ። ውህዱ አይሆንም ያሉት ነበሩ፤ ሆኖም ክፍተቱ ሰፋ፣ በፈሳሽ ናይትሮጅን ከቀዘቀዘው ክሪስታልም ቀይ ሌዘር ወጣ።

በክፍል ሙቀት ያለማቋረጥ የሚበራው ቀይ ሌዘር እ.ኤ.አ. በ1985 በጃፓን ቤተ ሙከራዎች፣ ከአሉሚኒየም፣ ከጋሊየም፣ ከኢንዲየምና ከፎስፈረስ ውህድ ተገኘ። ሰማያዊውን ሹጂ ናካሙራ በ1996 ይፋ አደረገ።

ነገር ግን ብርሃን መላክ ግማሽ ሥራ ነው፤ ተቀባይ ያሻዋል። የአይቢኤም ተመራማሪ የነበረው ኢትዮጵያዊው ሰለሞን አሰፋ ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2010 «ኔቸር» በተባለው መጽሔት ያወጣው ጥናት ይህንኑ ተቀባይ ይመለከታል፤ ብርሃንን ተቀብሎ ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጥ፣ በሲሊከን ቺፕ ላይ የሚሠራ የጀርማኒየም መሣሪያ ነው።

በመዝገባችን ቀይ ቀለም የጉድለት ምልክት ነው። በገዴኦ ማሳ ግን ቀይ ማለት «ደርሷል፣ ልቀሙኝ» ማለት ነው። ያን ቀን ከመደርደሪያው ጀርባ ያየሁት ቀይ ሁለቱንም ነበር።

ልንዘጋ ጥቂት ሲቀረን ለአባት ብራቸውን ቆጥሬ ሰጠኋቸው። «መንገዱ ተከፈተ ማለት ነው?» አሉ ፈገግ ብለው።

«ተከፈተ፣ አባቴ።»