ምጥን ስለ ማፋጠን

በኦሪት ዘጸአት መጀመሪያ ስማቸው የተጻፈላቸው ሲፓራና ፉሐ የተባሉ ሁለት አዋላጆች፣ የሚወለደውን ወንድ ሁሉ እንዲገድሉ ያዘዛቸው ፈርዖን ትእዛዙን ስለ ምን እንዳፈረሱ በመረመራቸው ጊዜ፣ የዕብራውያን ሴቶች ብርቱዎች ናቸውና አዋላጅ ሳትደርስ ይገላገላሉ የሚል ምክንያት ሰጥተው እንዳመለጡ ከመጽሐፉ እንረዳለን። ቶሎ መውለድ በየሕዝቡ ዘንድ እንደ ጸጋ፣ የረዘመ ምጥ ደግሞ እንደ መዓት ሲቆጠር የኖረ ነውና፣ ንጉሡ ነገሩን መቀበሉ የሚያስገርም አይደለም። ምጥን ማፋጠን ጥንታዊ ምኞት ነው፤ እናትንም ልጅንም ሳይጎዱ ማፋጠን ግን ገና የትናንት ጥበብ ነው።

በአገራችን የምጥ ነገር አስቀድሞ የጸሎትና የሴቶች ጉዳይ ነበረ። ቅዱስ ሩፋኤል «ፈታሔ ማኅፀን» እየተባለ ስለሚጠራ፣ ነፍሰ ጡሯ ጳጉሜን 3 ቀን በዕለተ በዓሉ የሚዘንበውን ዝናም እንደ ጠበል ትጠመቅበታለች፤ ምጥ የያዛት እንደ ሆነም ጎረቤት ተሰብስቦ «ማርያም፣ ማርያም» እያለ የእመቤታችንን ስም ሳያቋርጥ ይጠራል፣ ያለሰልሳል የሚባለው ተልባ ተበጥብጦ ይቀርብላታል፣ ሆዷም በቅቤ ይታሻል። ከዚህ ሁሉ ሐኪም አጥብቆ የሚነቅፈው እሽታውን ነው። ጎረቤቶቿ ከአጠገቧ ፈቀቅ አለማለታቸውን ግን የዛሬው ሕክምና ራሱ ያዝዘዋል፤ ሆስፒታሎቻችን ይህን ለብዙ ዘመን ዘንግተው አጃቢን ከበር ሲመልሱ መኖራቸው ያሳዝናል።

ወደ ካፋ ስንመጣ፣ የዚያ አገር ነገሥታት ግዛታቸውን በጥልቅ ቦይና በጥብቅ ኬላ አጥረው፣ በጎጀብ ወንዝና በጥቅጥቅ ደን ተከልለው፣ የመጨረሻው ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾ በ1890 ዓ.ም. መባቻ በራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጦር እስኪያዝ ድረስ ነጻነታቸውን አስከብረው ኖረዋል። ጠላትን የከለከለው ደንና ወንዝ ግን ሐኪምንም ከልክሏል። ከ1859 እስከ 1861 እ.ኤ.አ. በካፋ የተቀመጠው የካቶሊኩ ጳጳስ ማሳያ ፈንጣጣን በመከተብ ስሙ የተጠራ ሰው ነበር፤ ለወላድ የሚሆን መድኃኒት ቢኖረው እንኳ አንድን መነኩሴ ከምጥ ቤት ማን ያስገባው ነበር! ከዚያም በኋላ በቦንጋ ዙሪያም ሆነ በደካ፣ ልጅ እንሰት በከበበው ቤት ውስጥ በባልቴቶች እጅ ሲወለድ ኖረ፤ ምጡ የጸናባትም በቃሬዛ ሆና፣ ጎረምሶች እየተቀባበሉ ተሸክመዋት፣ ጭቃውንና ወንዙን ተሻግራ መኪና ወደሚደርስበት መንገድ ትወጣ ነበር። ዝናም አብዛኛውን የዓመቱን ወራት በማይለቅበት አገር ቃሬዛ ምን ያህል እንደሚዘገይ የተሸከመ ያውቀዋል።

በአውሮፓ ደግሞ አዋላጆች የማፋጠኛውን ነገር ከእህል በሽታ አግኝተውት ነበር። ራይ በተባለው እህል ዛላ ላይ የሚያቈጠቍጠው፣ ኧርጎት የሚሉት ጥቁር ሻጋታ ማኅፀንን እንደሚያኮማትር ጀርመናዊው ሎኒትዘር በ1582 እ.ኤ.አ. ጽፎታል፤ በ1808 እ.ኤ.አ. አሜሪካዊው ሐኪም ጆን ስተርንስ ከአንዲት ስደተኛ ሴት የሰማውን ይህንኑ ዱቄት ለባልንጀሮቹ ሲያስተዋውቅ፣ ካመሰገነባቸው ምክንያቶች አንዱ የሐኪሙን ጊዜ የሚቆጥብ መሆኑ ነበር። የእናቲቱን ሳይሆን የሐኪሙን ጊዜ መሆኑን አንባቢ ልብ ይበል። ዱቄቱ መጠኑ የማይታወቅ፣ አንዴ ከተዋጠም የማይመለስ ስለ ነበረ፣ ሞተው የሚወለዱ ሕፃናት በዙ፣ ማኅፀናቸው የተቀደደ እናቶችም ታዩ፤ ዴቪድ ሆሳክ የተባለው የኒው ዮርክ ሐኪም በ1824 እ.ኤ.አ. የማዋለጃ ዱቄት መባሉ ቀርቶ የሞት ዱቄት ሊባል እንደሚገባው እስከ መናገር ደረሰ። የዚህን ሻጋታ ክፋት እኛም አናጣውም፤ በ1970 ዓ.ም. ገደማ በወሎ፣ በዋድላ ደላንታ፣ ከገብስ ጋር በተቀላቀለ ስናር ላይ በቅሎ የብዙ ገበሬ እጅና እግር አድርቋል፣ ነፍስም አጥፍቷል።

ድኅነቱ የመጣው ከሌላ ወገን ነው። በ1906 እ.ኤ.አ. እንግሊዛዊው ሄንሪ ዴል፣ ከአንጎል ሥር ካለችው ትንሽ ዕጢ የሚወጣ ፈሳሽ ማኅፀንን እንደሚያኮማትር አገኘ፤ በ1909 ሐኪሙ ብሌር ቤል ለወላዶች አዋለው፤ በ1953 ኬሚስቱ ዱ ቪኞ ኦክሲቶሲን የተባለውን ይህን ንጥረ ነገር በቤተ ሙከራ ሠራው፤ ከሁለት ዓመት በኋላም የኖቤል ሽልማት ተቀበለበት። የዚህ መድኃኒት ብልጫ ከጉልበቱ ይልቅ ታዛዥነቱ ነው፤ በደም ሥር ጠብታ በጠብታ ሲገባ ይሠራል፣ ሲዘጋ በጥቂት ደቂቃ ይበርዳል።

በዚያው ዘመን በእኛ አገር የነበረውን ለመረዳት የልዕልት ፀሐይን ዕጣ ማስታወስ ይበቃል። በለንደን የነርስነት ትምህርቷን የፈጸመችው የንጉሠ ነገሥቱ ልጅ፣ ባሏን ተከትላ ወደ ወለጋ በወረደች በጥቂት ወራት ውስጥ፣ በነሐሴ 1934 ዓ.ም. በነቀምት ከወሊድ ጋር በተያያዘ ሕመም በ22 ዓመቷ ዐረፈች። የቤተ መንግሥት ልጅ እንዲህ ከሆነች፣ ከጎጀብ ማዶ ያለችው የገበሬ ሚስት ምን ተስፋ ነበራት? በልዕልቲቱ ስም በተሠራው ሆስፒታል የአዋላጆች ትምህርት ቤት ለማቋቋም በ1951 ዓ.ም. የመጡት ሬጂናልድና ካትሪን ሃምሊን፣ ቀናት በፈጀ ምጥ ምክንያት ሽንት የማይቋጥሩ ሆነው ከሰው የተለዩ ሴቶችን ባዩ ጊዜ፣ በ1967 ዓ.ም. የፌስቱላ ሆስፒታልን ከፈቱ። በ1992 ዓ.ም. የተደረገው አገር አቀፍ ጥናት በጤና ተቋም የሚወለደው ሕፃን ከመቶ 5 ብቻ መሆኑን አሳየ፤ በ2011 ዓ.ም. ቁጥሩ 48 ደረሰ።

ዛሬ በቦንጋ፣ በገብረ ጻድቅ ሻዎ አጠቃላይ ሆስፒታል እንደሚሠራው ባለ የማዋለጃ ክፍል፣ ቀኗ ያለፈ ወይም እንሽርት ውሃዋ ፈስሶ ምጥ የዘገየባት እናት ስትገባ፣ አዋላጇ መጀመሪያ የማኅፀኑን በር መለስለስና መከፈት ትመረምራለች፤ ከዚያም መድኃኒቱን በተንጠለጠለው ጉሉኮስ ውስጥ ጨምራ፣ ሰዓቷን እያየች በደቂቃ የሚወርደውን ጠብታ ትቈጥራለች፤ በየግማሽ ሰዓቱም ጥቂት ትጨምራለች። አንድ እጇን ከእናቲቱ ሆድ ላይ አሳርፋ በ10 ደቂቃ ውስጥ ስንት ጊዜ እንደሚጠጥር ትለካለች፤ ከአምስት ካለፈ ጠብታውን ትዘጋለች፤ የሕፃኑንም ልብ ጆሮዋን በቀንድ መሳዩ ማዳመጫዋ ላይ ደግፋ ታዳምጣለች። በራሱ ጊዜ የሚመጣ ምጥ ደረጃ በደረጃ ሲያለማምድ፣ በመድኃኒት የተጠራው ግን ዕረፍት እንደማይሰጥ ያዩት እናቶች ይናገራሉ። ከዚህ ቀደም የወለደች እንደ ሆነች ነገሩ በድንገት ይለወጣል፤ ጥቂት ቀደም ብሎ «ገና ነሽ» የተባለችው ሴት «መጣ!» ብላ ትጮኻለች፣ አዋላጇም ጓንቷን እያጠለቀች «አይዞሽ እህቴ፣ አትግፊ፣ ተንፍሺ» ስትል የሕፃኑ ራስ ይታያል። ከውጭ ያሉት እልል ይላሉ፣ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ይባላል።

ነገር ግን ከሦስት ሰዓት ባነሰ ጊዜ የሚፈጸም ወሊድ መቀደድንና የደም መፍሰስን ያስከትላልና፣ እልልታው እንግዴ ልጁ ወጥቶ ማኅፀኑ እስኪጠነክር ቢቆይ በወደድሁ። ደግሞም መድኃኒቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለ ቅዝቃዜ ካልተጠበቀ ኃይሉን ያጣል፤ ልጅ ሳይወለድ ምጥን ለማፋጠን ተብሎ በጡንቻ የሚወጋውም እንደ ጥንቱ ዱቄት የማይመለስ ነውና፣ ከልምድ አዋላጅም ሆነ ከመድኃኒት ሻጭ አይወሰድ።

አንድ ጊዜ በፍጥነት የወለደች እናት በሚቀጥለው ይበልጥ ልትፈጥን ስለምትችል፣ አምቡላንስ ተጠርቶ እስኪደርስ ትጠብቃለች ማለት ዘበት ነው። በ1968 ዓ.ም. በጉራጌ የአጣጥ ሆስፒታል የጀመረው፣ ነፍሰ ጡር በሕክምና ቤት አጠገብ ሆና ምጧን የምትጠብቅበት የእናቶች ማቆያ ለእንዲህ ያለችው ይበጃል፤ እንግዲህ መንገዱ የራቀባችሁ የካፋ ቤተሰቦች ወሯ የገባውን ሴት ምጡ ሳይጀምራት አስቀድማችሁ እንዲህ ወዳለ ማቆያ አድርሷት።