«በምን አወቃችሁ?»

የካ ካለው ቤቴ በረንዳ ቆሜ ስመለከት የእንጦጦ ባሕር ዛፍ ይታየኛል። ከተራራው ግርጌ በምዕራብ በኩል ቀጨኔ አለ፤ አዲስ አበባ ስትቆረቆር ጀምሮ ሸክላ ሠሪው፣ ሸማኔውና ቀጥቃጩ የኖረበት ሰፈር። ከተማው በነሱ ጀበና ቡና እየጠጣ፣ በነሱ ምጣድ እንጀራ እየጋገረ፣ ሰዎቹን «ቡዳ» አላቸው።

አጤ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብ የሚከለክል አዋጅ አስነገሩ። አዋጁ ግን ሹክሹክታውን አላጠፋውም። የቡዳ ክስ ዳኛ ፊት አይቀርብማ! የታመመው ሰው ጭስ ይታጠናል፣ «ማነህ? ከየት መጣህ?» ይባላል። እየቃዠ የጠራው ስም ፍርድ ሆኖ ያርፋል። ተከሳሹ ቢቆጣ «አያችሁ!»፣ ዝም ቢል «አመነ» ነው።

እኛስ? የተማርን ነን ብለን ነበር። በ1970ዎቹ መጨረሻ ዶርማችን ውስጥ አንዷ ልጅ በትኩሳት ወደቀች። ከመሃላችን የአንዷ እናት ቀጨኔ ሸክላ ይሠሩ ነበር። አንዷ በሹክሹክታ ጀመረች፤ «ወፍ ነገረችኝ» የምትልም አልጠፋችም። በሦስተኛው ቀን አብራት የምትበላ ጠፋች። እኔም አልጋዬን አራቅሁ። ልጅቷ ምንም ሳትል ሻንጣዋን ይዛ ከክፍሉ ወጣች። የታመመችው ሐኪም ቤት ስትመረመር ታይፎይድ ሆነ፤ መድኃኒቷን ወስዳ ዳነች። ይቅርታ የጠየቀ ግን አልነበረም።

በ1987 የወጣው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 20 የተከሰሰ ሰው በፍርድ ሂደት እንደ ጥፋተኛ ያለመቆጠር መብት እንዳለው ይደነግጋል። እሱ ለፍርድ ቤት ነው። ዶርም ውስጥ፣ ዕድር ላይ፣ ቡና ላይ የሚሰጠው ፍርድ ግን በእኛው እጅ ነው። ክስ ሁሉ ውሸት ነው ማለቴ አይደለም። የተበደለ ይሰማ፣ ነገሩ ይጣራ፤ እስኪጣራ ግን ማንም ከማዕድ አይነሳ።

ለዘንድሮው መገናኛችን ስልኳን አፈላልጌ ደወልኩላት። ከብዙ ዓመት በኋላ ይቅርታ ስጠይቃት ጥቂት ዝም አለችና፣ «ያኔ ከእናንተ አንዷ ‹በምን አወቃችሁ?› ብትል ይበቃኝ ነበር» አለችኝ።

ትመጣ እንደሆነ ጠየቅኋት። «አስብበታለሁ» አለች። እኔ ግን አጠገቤ ቦታ ይዤላታለሁ።