ላጲሱን አምጣው

ስሙኝማ። አምና ክረምት ላይ ነው። አንዲት የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለችኝ፤ ሀብቷ አንድ ፕሪንተር፣ አንድ ፎቶ ኮፒ ማሽንና አንድ የጃጀ ላፕቶፕ። ላፕቶፑ ራሙ 2 ጊጋ ብቻ ነው፣ የተጫነበት ግን ዊንዶውስ 10። ብሮውዘሩን ከፍቼ አንድ ገጽ እስኪመጣ፣ በር ላይ ቡና የምታፈላው ልጅ አቦሉን ቀድታ ትጨርሳለች። ደንበኛ ሲቆጣ መልሴ አንድ ናት፦ «ኔትወርክ ነው።» በዚህች ቃል ያላመለጠ ማን አለ?

አንድ ቀን አንድ አዛውንት መጡ። መርካቶ እህል ሲነግዱ ኖረው ሱቁን ለልጃቸው የለቀቁ ናቸው። ሴት ልጃቸው ከዱባይ በኢሜይል የላከችውን የውክልና ቅጂ ላትምላቸው ነው። ለሦስተኛ ቀን መመላለሳቸው ነበር።

«አንተ ልጅ፣ ዛሬም ኔትወርክ ነው?»

«ምን ላድርግ አባባ፣ የእኔ እጅ የለበትም።»

ኮፒ ልታስነሳ የቆመች ተማሪ ይህን ስትሰማ ስልኳን አወጣች። የገባችው በእኔው ዋይፋይ ነው። ነካ ስታደርገው ገጹ ወለል አለ። ፊቴ በርበሬ መሰለ።

አዛውንቱ ግን ጆሯቸውን ወደ ላፕቶፑ አስጠግተዋል። «ሆዱ ውስጥ አይጥ አለ እንዴ? የሚቧጥጥ ነገር ይሰማኛል።»

የእህል ነጋዴ አይጥ አይስትም። ሃርድ ዲስኩ ነበር፤ ያለ ዕረፍት ክርር ክርር ይላል፣ መብራቱም ጭራሽ አይጠፋም። እኔ ድምፁን ለምጄው መስማት ትቻለሁ። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጭኜ ታስክ ማናጀርን አመጣሁ። ሚሞሪ 94 በመቶ፣ ዲስክ 100 በመቶ። ኔትወርኩ ከዜሮ ፈቀቅ አላለም፤ ስንት ዘመን ያማሁት ምስኪን!

«ራም መደርደሪያ ነው አባባ፤ ሃርድ ዲስኩ መጋዘን ነው።»

«መደርደሪያው ሲሞላስ?»

«አንዱን ዕቃ መጋዘን መልሶ ሌላውን ያመጣል።»

«ለእያንዳንዱ ገበያተኛ?»

«ለእያንዳንዱ።»

«እንዲህ ያለ ተላላኪ ነበረኝ፤ በሦስተኛው ቀን አሰናበትኩት» አሉ።

እውነታቸውን ነው። ራም በናኖ ሰከንድ የሚያቀብለውን፣ የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ በሚሊ ሰከንድ ነው የሚያመጣው። ብሮውዘሬ ክሮም ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2008 ከወጣ ጀምሮ ታቦቹን በየክፍላቸው ለያይቶ ነው የሚያኖራቸው፤ አንዱ ቢወድቅ ሌላውን ይዞ እንዳይወድቅ። ጥሩ ዘዴ ነው፣ ግን ክፍል ሲበዛ ኪራይ ይበዛል፤ ኪራዩ የሚከፈለው በራም ነው። እኔ 23 ታብ ከፍቻለሁ!

ሺፍትና ኢስኬፕ ስትጫኑ ክሮም የራሱን መዝገብ ያወጣል፤ ማን ስንት እንደሚበላ ይታያል። ከላይ የተቀመጠው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? «ፍጥነት ይጨምራል» ተብዬ የጫንኩት ኤክስቴንሽን። አጠፋሁት። ካሹንም በየማለዳው ስጠርግ ኖሬያለሁ፤ ለካ የተቀመጠውን ሥዕል ሁሉ እንደገና ከኢንተርኔት እንዲያወርድ እያስገደድኩት ነበር። 4 ታብ አስቀርቼ ሌላውን ስዘጋ ኢሜይሉ ተከፈተ፣ ውክልናውም ታተመ።

አዛውንቱ ግን በማግስቱም መጡ፤ የነገሩን መጨረሻ ሊያዩ። ያገለገለ ባለ 4 ጊጋ ዲዲአር 3 ራም ገዝቼ ነበር። ባትሪውን አወጣሁ፣ የጀርባውን ክዳን ፈታሁ፤ ማራገቢያው ላይ አቧራው እንደ ጥጥ ተጋግሯል። ጠረግሁ፣ አዲሱን ራም ሰካሁ፣ አበራሁ። ስክሪኑ ጥቁር። እንደገና፤ ጥቁር።

ላቤ መጣ። ራሙን መልሼ ነቀልኩና ከተማሪዎች የተረፈ ላጲስ አንስቼ ወርቃማ ጥርሶቹን ቀስ አድርጌ ፈገፈግሁ፤ ጥቁር እድፍ ለቀቁ። አጋድሜ አስገባሁት፣ ጫን አደረግሁት፣ ሁለቱም መያዣዎች ቀጭ አሉ። በራ!

«በላጲስ?» አሉ አዛውንቱ፣ አፋቸውን ይዘው።

አሁን ገጹ የሚመጣው ቡናው ሳይቀዳ ነው። በሳምንቱ ግን ኔትወርኩ የምር ጠፋ፤ የሰፈሩ ሁሉ። አዛውንቱ ወረቀት ይዘው ገቡ።

«አባባ፣ ዛሬስ እውነት ኔትወርክ ነው።»

ወንበር ስበው ተቀመጡ። «ላጲሱን አምጣው» አሉኝ።