የአሜሪካ የኮሌጅ ፉትቦል፦ የጋዜጠኞች ድምፅ ዛሬም ዋጋ አለው?

በአሜሪካ «ፉትቦል» ሲባል በሌላው ዓለም የሚታወቀው የእግር ኳስ አይደለም። ሞላላ ኳስ በእጅ ይዞ በመሮጥና በመወርወር የሚካሄድ፣ ኳስ የያዘውን ተጫዋች ይዞ መጣልም የተፈቀደበት ጨዋታ ነው። ዩኒቨርሲቲዎችም ይወዳደሩበታል። የተማሪ ጨዋታ ነው ተብሎ እንዳይናቅ፦ ከስታዲየሞቻቸው አንዳንዶቹ ከ100,000 በላይ ተመልካች ይይዛሉ።

ይህን ያህል በገነነው ውድድር ለብዙ ዘመን የፍጻሜ ግጥሚያ የሚባል ነገር አልነበረም። ቡድኖቹ ከ100 በላይ ናቸው፤ አንዱ ቡድን በዓመት 12 ጊዜ ያህል ብቻ ስለሚጫወት ሁሉም ከሁሉም ጋር ሊገናኝ አይችልም። ታዲያ አንደኛው ማን ነው? መልሱን ይሰጡ የነበሩት ጋዜጠኞች ናቸው። አሶሺየትድ ፕሬስ የተባለው የዜና ድርጅት ከ1936 ጀምሮ (ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) በየሳምንቱ ድምፅ ያሰባስባል። ዛሬ 60 ያህል ጋዜጠኞች እያንዳንዳቸው 25 ቡድኖችን በቅደም ተከተል ይጽፋሉ። አንደኛው 25 ነጥብ፣ ሁለተኛው 24 እያለ እስከ 1 ይወርዳል፤ ተደምሮ ደረጃው ይወጣል። በ1950 የአሰልጣኞች ደረጃ ተጨመረ።

ጠቡም አብሮ መጣ። በ1964 ጋዜጠኞቹ የመጨረሻ ድምፃቸውን ከአዲስ ዓመት ጨዋታዎች በፊት ሰጥተው አላባማን ሻምፒዮን አሉ። አላባማ ወዲያው በቴክሳስ ተሸነፈ፤ ማዕረጉ ግን አልተነሣበትም። በ1997 ደግሞ ጋዜጠኞቹ ሚሺጋንን፣ አሰልጣኞቹ ነብራስካን መረጡ። ሁለቱም ያልተሸነፉ ነበሩ፤ ሁለቱም ሻምፒዮን ተባሉ።

ከ1998 ጀምሮ የሰው ድምፅና የኮምፒውተር ስሌት ተደምሮ ለፍጻሜ የሚጋጠሙ ሁለት ቡድኖች ይመረጡ ጀመር። አሶሺየትድ ፕሬስ ግን በ2004 መጨረሻ ደረጃው በዚያ ስሌት እንዳይገባ ጠይቆ ወጣ። በ2014 የአራት ቡድኖች ጥሎ ማለፍ ተጀመረ፤ በ2024 ተሳታፊዎቹ 12 ሆኑ። የሚገቡትን የሚመርጠው 13 አባላት ያሉት ኮሚቴ ነው። የጋዜጠኞቹም የአሰልጣኞቹም ድምፅ ከዚያ ወዲህ ማንንም አያስገባም፣ ማንንም አያስወጣም።

ታዲያ ለምን ይቀጥላል? ከሁሉ የሚበልጠው ምክንያት በ2023 ታየ። ፍሎሪዳ ስቴት 13 ጊዜ ተጫውቶ 13ቱንም አሸነፈ። ዋናው ኳስ አቀባይ ጆርዳን ትራቪስ እግሩ ተሰብሮ ነበርና ኮሚቴው «ቡድኑ የቀድሞው አይደለም» በሚል አምስተኛ አድርጎ ከአራቱ ውጭ ተወው፤ አንድ ጊዜ የተሸነፈው አላባማ ገባ። ከታላላቆቹ አምስት ሊጎች የአንዱ ሻምፒዮን ሆኖ፣ ሳይሸነፍ የቀረ ቡድን ከዚያ በፊት አልነበረም። በዚያው ቀን ጋዜጠኞቹ ፍሎሪዳ ስቴትን አራተኛ፣ አላባማን አምስተኛ አደረጉ። የኮሚቴው ውሳኔ ባይለወጥም፣ የልጆቹ ቅሬታ የተሸናፊ ልቅሶ ብቻ አለመሆኑን የሚያሳይ የጽሑፍ ምስክር ተገኘ። ኮሚቴው በዝግ በር ይመክራል፤ የእያንዳንዱ ጋዜጠኛ ድምፅ ግን በስሙ ይወጣል፤ የፈለገ ሰው አንብቦ ሊወቅሰው ይችላል። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። እርግጥ ነው፣ ፍሎሪዳ ስቴት ብዙ ተጫዋቾቹ በቀሩበት በሚቀጥለው ጨዋታ በጆርጂያ 63 ለ 3 ተሸንፏል፤ የኮሚቴው ደጋፊዎችም ይህን ማንሣት አይረሱም።

ሌላም ጥቅም አለው። ኮሚቴው ዋንጫው ከተወሰደ በኋላ ደረጃ አያወጣም፤ ዓመቱን ማን ስንተኛ ሆኖ እንደጨረሰ የሚመዘግቡት ጋዜጠኞቹና አሰልጣኞቹ ናቸው። በብዙ አሰልጣኞች ውል ውስጥም በዚህ የመጨረሻ ደረጃ ከ25ቱ መግባት ተጨማሪ ክፍያ ያስገኛል።

ሊቀር የሚገባው ማንም ገና ሳይጫወት በነሐሴ የሚወጣው ደረጃ ነው። በቴሌቪዥን ከቡድኑ ስም ጎን የሚለጠፈው ቁጥር ኮሚቴው የራሱን እስኪያወጣ ድረስ የጋዜጠኞቹ ስለሆነ፣ ያልተፈተነ ቡድን በስሙ ብቻ ለሳምንታት ይከበርበታል። ያው ፍሎሪዳ ስቴት በ2024 ዓመቱን የጀመረው በአሥረኛ ደረጃ ነበር። የጨረሰው 2 ጊዜ አሸንፎ፣ 10 ጊዜ ተሸንፎ ነው።