ከቮልታ ክምር እስከ ሬዲዮ ድንጋይ

በገጠር ትምህርት ቤቶች ጥቁር ሰሌዳው ሲነጣ፣ ያለቀ የባትሪ ድንጋይ ተሰብሮ ውስጡ ከቅጠል ጋር ይወቀጥና ይቀባበት ነበር። ያ ጥቁር ዱቄት ማንጋኒዝ ዳይኦክሳይድና ካርቦን ነው። መሃሉ ላይ የካርቦን ዘንግ ቆሟል፤ ዙሪያውን የሸፈነው ቆርቆሮ ዚንክ ነው።

ዚንኩ የቆየ ታሪክ አለው። ጣሊያናዊው አሌሳንድሮ ቮልታ እ.ኤ.አ. በ1800 የዚንክና የብር ዝርግ ሳንቲሞችን እየደራረበ፣ በመካከላቸው ጨው ውኃ የነካ ጨርቅ አስገብቶ የማያቋርጥ ኤሌክትሪክ አገኘ። በ1866 ፈረንሳዊው ዦርዥ ሌክላንሼ ዚንክን ከማንጋኒዝ ጋር አጣመረ። ሃያ ዓመት ቆይቶ ጀርመናዊው ካርል ጋስነር በባትሪው ውስጥ ያለውን ፈሳሽ ከጄሶ ጋር ለወሰው፤ ባትሪውም ሳይፈስ ከቦታ ቦታ የሚዞር ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1881 በፓሪስ የተሰበሰቡ ሊቃውንት ደግሞ ለኤሌክትሪኩ ግፊት ቮልት፣ ለፍሰቱ አምፔር፣ ለተቃውሞው ኦም የሚሉ መለኪያዎችን አጸደቁ።

እነዚህ መለኪያዎች ኢትዮጵያ ገጠር የደረሱት በሬዲዮ ጀርባ ነው። ብሥራተ ወንጌል የተባለው ሬዲዮ ጣቢያ በ1955 ዓ.ም ከአዲስ አበባ ማሰራጨት ሲጀምር፣ መብራት ባልገባበት ቀበሌ ሬዲዮ ማዳመጥ የሚቻለው በድንጋይ ነበር። ከዲላ ወደ ሞያሌ በሚወስደው መንገድ፣ በይርጋ ጨፌም ሆነ በፍስሐ ገነት፣ አራት ድንጋይ የሚበላ ሬዲዮ አሠራሩ አንድ ነው፦ ተከታትለው የገቡ አራት ባለ 1.5 ቮልት ድንጋዮች 6 ቮልት ይሰጣሉ። አንዱ ተገልብጦ ከገባ ከሦስቱ 4.5 ቮልት ላይ የራሱን 1.5 ይቀንሳል፤ በቀረው 3 ቮልት ሬዲዮው አይናገርም።

ድንጋዩ ሲደክም ፀሐይ ላይ ማስጣት የተለመደ ዘዴ ነው። ሙቀቱ በውስጡ ያለውን ኬሚካላዊ ሂደት ስለሚያፋጥን ድምፁ ለጥቂት ጊዜ ይመለሳል። የተበላው ዚንክ ግን አይተካም።

ዛሬ በየሱቁ የሚሸጠው ፓወር ባንክ የሊቲየም ልጅ ነው። ሶኒ የሊቲየም አዮን ባትሪን ለገበያ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1991 ሲሆን፣ መሠረቱን የጣሉት ጉዲናፍ፣ ዊቲንግሃምና ዮሺኖ በ2019 የኬሚስትሪ ኖቤል ተሸልመዋል። ገዢን የሚያሳስተው በላዩ የተጻፈው ቁጥር ነው። አንዱ 10,000 ሚሊአምፔር ሰዓት ይላል፤ የመኪና ባትሪ ደግሞ 60 አምፔር ሰዓት። የመጀመሪያው በሺሕ ሲካፈል 10 አምፔር ሰዓት ብቻ ነው።

አምፔር ሰዓት ብቻውን የኃይሉን ልክ አይናገርም፤ በቮልቱ መባዛት አለበት። የመኪናው ባትሪ 12 በ60 ሲባዛ 720 ዋት ሰዓት ይዟል። ፓወር ባንኩ በውስጡ 3.7 ቮልት ስለሆነ 37 ዋት ሰዓት ይይዛል፤ ከመኪናው ባትሪ አንድ አሥራ ዘጠነኛ ገደማ መሆኑ ነው። ወደ ስልክ የሚያወጣው ግን 5 ቮልት በመሆኑ 10,000 የተባለው ወደ 7,400 ይወርዳል፤ በመንገድ ላይ በሙቀት የሚባክንም አለ። ስለዚህ 5,000 ሚሊአምፔር ሰዓት ባትሪ ያለው ስልክ፣ ገዢው እንደሚጠብቀው፣ ሁለቴ ሙሉ ለሙሉ አይሞላም።